በሁለት ቀጠሮ መካከል፤ በሕንድ ከተሞች

 

ሰሞኑን ከሦስት የተለያዩ ቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደረሰኝ። አንዷ እናት ልጇን፣ አንዱ አባወራ እናቱን፣ ሌላዋ ደግሞ ባለቤቷን ለሕክምና ወደ ሕንድ ልትወስድ ነው። ሦስቱም የሚጠይቁት፣ «ቀጠሮ ስንጠብቅ ብዙ ቀን መቆየታችን አይቀርም፤ በሽተኛ ይዘን ምን ማየት እንችላለን?» ብለው ነው። ከሦስቱ አንዷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላ ጨመረችበት፤ «ማየቱስ ነውር አይሆንብንም?» የዛሬው ጽሑፌ ለሁለቱም ጥያቄ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ይበልጣል።

በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ሕንድ መጀመሪያ አስተማሪ ነበረች። በንጉሡ ዘመን በየአውራጃው ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ብዙዎቹ ሕንዶች ነበሩ፤ በተለይ ከኬረላ የመጡ። ቀጥላ ሲኒማ ሆነች፤ ቋንቋውን ሳንሰማ ከተዋናዮቹ ጋር አልቅሰናል። ዛሬ ለልጆቻችን ሕንድ ሐኪም ቤት ናት። ዴልሂን፣ ቼናይን፣ ሃይደራባድንና ባንጋሎርን የምናውቃቸው በሪፈር ወረቀት ላይ ነው።

እኔም ያየኋት እንዲሁ ነው። የሴት ልጄ ልጅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ልቡ ላይ ያለው ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና መዘጋት አለበት ተባለ። የሕንድ መንግሥት ለሕክምና ቪዛ ከታማሚው ጋር እስከ ሁለት የቅርብ ዘመድ አስታማሚ ይፈቅዳል፤ እናቱና እኔ ሄድን። ገንዘቡ የተገኘው ከእናቱ መሥሪያ ቤት፣ ከእድሩ፣ ከጎረቤትና ከዘመድ ነበር። ሃምሳ ብር የሰጡ ጡረተኛ አሉበት፤ የልጃቸውን የአንድ ወር ደመወዝ ያመጡም አሉበት። ልጄ የሁሉንም ስም በደብተር ጽፋ ደብተሩን በእጅ ቦርሳዋ ይዛው ሄደች።

ዴልሂ ደርሰን ሦስት ቀን ምርመራ ከተደረገ በኋላ፣ «ከአሥር ቀን በኋላ ኑ» ተባልን። እነዚያን አሥር ቀኖች የሚያውቅ ያውቃቸዋል። ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ያለው ማረፊያ ክፍል መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያሳየው። ልጁ ጣሪያ ይቆጥራል። እናቱ ስልኳን ትነካካለች፤ ማታ ማታ የቀዶ ሕክምናውን ስም እየፈለገች ታነባለች፤ ያነበበችው ደግሞ እንቅልፍ ይነሣታል። «ተነሺ፣ ልጁን አናፍሺው» ስላት፣ «እማዬ፣ የሰው ገንዘብ ይዤ ከተማ ልዙር?» አለችኝ።

ንግግሯ ከንቱ አልነበረም። ገንዘቡ የእሷ አይደለም፤ ለአንድ ነገር የተሰጠ ነው። እንዲህ የምታስብ ልጅ በማሳደጌ እኮራለሁ። ይሁን እንጂ ልጁም በእስር ቤት መልክ አሥር ቀን ተቀምጦ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት አልነበረበትም። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ሐኪሙን ጠየቅን። በዝግታ ይራመድ፤ አይሩጥ፤ ከሕዝብ ግፊያና ከሚያስል ሰው ይራቅ፤ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው አምጡት አለን። ሁለተኛ፣ ሌላ ደብተር ገዛን። በአንደኛው የመዋጮው ገንዘብ ብቻ፤ ሐኪም ቤት፣ መድኃኒት፣ ክፍል፣ ምግብ። በሁለተኛው ከጡረታዬ ቆጥቤ የያዝኳት ትንሽ ገንዘብ፤ ትራንስፖርትና የመግቢያ ትኬት። ሁለቱ ደብተሮች አንድም ቀን አልተቀላቀሉም። ለሦስቱ ጠያቂዎቼ የምመክረው የመጀመሪያው ምክር ይኸው ነው።

ገንዘብ የማይጠይቀው ዴልሂ

ዴልሂ ሰፊ ናት፤ ትጮሃለች፤ ግን በሽተኛ የሚያርፍባቸው ቦታዎች አሏት። የመጀመሪያው የሎዲ የአትክልት ስፍራ ነው። መግቢያው በነፃ ነው፤ መንገዱ ደልዳላ ነው፤ አግዳሚ ወንበር በየጥላው አለ። መሐሉ ላይ የአሥራ አምስተኛውና የአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ነገሥታት መቃብሮች ቆመዋል። ጠዋት ጠዋት የዴልሂ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። የእኛ ልጅ በመጀመሪያው ቀን አንዱን ሽኮኮ ለመመገብ ግማሽ ሰዓት ቁጭ አለ፤ ያን ቀን ስለ ቀዶ ሕክምናው አልጠየቀም።

የሁመዩን መቃብር ሌላው ነው። ንጉሥ ሁመዩን ከሞተ በኋላ ሚስቱ ያሠራችው ሲሆን፣ ከታጅ ማሃል ሰባ ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ ታጅ ማሃልን ያነጹትም ከእሱ ተምረዋል። ወደ ላይኛው መድረክ የሚያወጣው ደረጃ ቀጥ ያለ ስለሆነ ልብና ጉልበት የታመመ ሰው ከታች ካለው አትክልት ሆኖ ቢያይ ይበቃዋል። በመንግሥት የሚጠበቁት ታሪካዊ ቦታዎች ከውጭ አገር ሰው የሚያስከፍሉት ከሕንዶቹ እጅግ ይበልጣል፤ ዕድሜያቸው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ግን በነፃ ይገባሉ። ልጆች ከሁሉ የሚወዱት የባቡር ሙዚየሙን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የተከፈተ ሲሆን፣ አሮጌ የእንፋሎት ባቡሮችና ልጆችን ጭኖ የሚዞር ትንሽ ባቡር አለው። ሙዚየሙም፣ ቀይ ግንብ የሚባለው ቤተ መንግሥትም ሰኞ ዝግ ናቸው።

ለመጓጓዣ ሜትሮው ይሻላል፤ ከፊት ያለው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ ነው። እኛ ባጃጅ የምንላት ባለ ሦስት እግር እዚያ «ኦቶ» ትባላለች፤ ባጃጅ የፋብሪካው ስም መሆኑን ልጁ ያወቀው ዴልሂ ላይ ነው። ኦቶ ስትይዙ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ባንግላ ሳሂብ ልውሰዳችሁ። ይህ በከተማዋ መሐል ያለ የሲኮች ጸሎት ቤት ነው፤ እነሱ ጉርድዋራ ይሉታል። ጫማ ይወልቃል፤ ራስ ይሸፈናል፤ መግቢያው ላይ ባለው ውኃ እግር ይታጠባል። ከጸሎቱ አዳራሽ ጎን ትልቅ የምግብ አዳራሽ አለ። ማንም ሰው፣ ሃይማኖቱ ምንም ቢሆን፣ ገብቶ በነፃ ይበላል። ይህን ማዕድ ላንጋር ይሉታል። ከሃይማኖታቸው መሥራች ከጉሩ ናናክ ጊዜ ጀምሮ፣ ማለትም ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተተከለ ሥርዓት ነው። በዘርና በጎሣ ተከፋፍሎ አብሮ በማይበላ ኅብረተሰብ መካከል፣ ሀብታሙም ድሀውም በአንድ ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጦ አንድ ዓይነት ምግብ እንዲበላ የታሰበ ነው። በአምሪትሳር ከተማ ያለው ወርቃማው ቤተ መቅደስ በዚህ ዓይነት በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያበላል።

ቂጣውን የሚያድለው ሰው ሲመጣ ሁለት እጅ ዘርግቶ መቀበል ነው ደንቡ። ልጄ እጇን መዘርጋት አልሆነላትም፤ «ደግሞ እዚህም ልቀበል?» ያለች መሰለኝ። ከበላን በኋላ ግን ወደ ማብሰያው ስትመለከት አንዲት አሮጊት በእጃቸው ጠሯት። እዚያ የሚሠሩት አብዛኞቹ በፈቃዳቸው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሊጥ ማዳመጥ የፈለገ ይቀመጣል። ልጄ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ያህል ቂጣ ስትዳምጥ ቆየች፤ ከእነዚያ አሮጊት ጋር በምልክት እየተግባባች ሳቀች። ዴልሂ ከገባን ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን አንዴ ልጁን ከእኔ ጋር እያስቀመጠች ትሄድ ነበር። ብዙ የተቀበለ ሰው፣ ትንሽም ብትሆን የሚሰጣት ነገር ሲያገኝ ወገቡ ይቃናል።

ስለ ምግብ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሕንድ ውስጥ ሥጋ የሌለበት ምግብ በየቦታው ስላለ ጾመኛ ሰው የተመቸው ይመስለዋል። በታሸገ ምግብ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ግን ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለቷ ነው እንጂ ወተትና ቅቤ የለበትም ማለቷ አይደለም። ምስሩም፣ ጣፋጩም፣ ሩዙም ቅቤ ሊኖርበት ይችላል። ጾማችሁን የምትጠብቁ ሁሉ፣ «ወተት የለበትም? ቅቤ የለበትም?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሙስሊም አንባቢዎቼ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1656 በተጠናቀቀው በጃማ መስጊድ ዙሪያና በኒዛሙዲን ሠፈር ሐላል ምግብ እንደ ልብ ያገኛሉ።

በዓሉ ከቀጠሮው ጋር ሲገጥም

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት የሕንድን የበዓል ቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። አብዛኞቹ የሂንዱ በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ እንደ እኛ ፋሲካ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳሉ። እኛ በየዓመቱ ጳጉሜን እንደምንጨምር፣ እነሱ ደግሞ በሦስት ዓመት ገደማ አንዴ አንድ ሙሉ ወር ጨምረው ከፀሐይ ጋር ያስታርቁታል። በትልልቅ በዓላት ባንክ ይዘጋል፤ የባቡር ትኬት ከሳምንታት በፊት ያልቃል፤ አስቸኳይ ያልሆነ ቀጠሮም ይገፋል።

ዝሆን ራስ ያለው የጋነሽ በዓል ከነሐሴ ማብቂያ እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ በእኛ አዲስ ዓመት አካባቢ ይውላል። በሙምባይ አሥር ቀን ተከብሮ፣ የሸክላ ምስሎቹ በመጨረሻ ወደ ባሕር ይገባሉ። በየቤቱ ይከበር የነበረውን በዓል እ.ኤ.አ. በ1893 ወደ አደባባይ ያወጣው የነፃነት ታጋዩ ባል ጋንጋዳር ቲላክ ነው፤ እንግሊዞች ሕዝብ እንዳይሰበሰብ ሲከለክሉ በዓሉ ሰበብ ሆኖ ሰው አሰባሰበ። ከመስቀል ወዲህ ደግሞ በኮልካታ የዱርጋ ፑጃ ይከተላል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በዚያው ሰሞን በዴልሂ ዱሴራ አለ።

እኛ መስቀልን አክብረን ነበር የተነሣነው፤ ዱሴራ የመጣው በእነዚያ አሥር የመጠበቂያ ቀኖች መካከል ነው። ሜዳ ላይ አሥር ራስ ያለው የክፉው ንጉሥ የራቫና ምስል ከቀርከሃና ከወረቀት ተሠርቶ ይቆማል፤ ማታ በእሳት ይለቀቃል። ሐኪሙ ከግፊያ አርቁት ስላለን ከማረፊያው ጣሪያ ላይ ሆነን አየን። ልጁ ገና ነበልባሉ ሲነሣ፣ «አያቴ፣ ደመራ!» ብሎ ጮኸ። እኔም እንደማንኛውም አያት ነገሩን ለየሁለት። የእኛ ደመራ መስቀሉ የተገኘበት መታሰቢያ ነው፤ የእነሱ እሳት ደግሞ ራማ የተጠለፈችበትን ሚስቱን ለማስመለስ ክፉውን ንጉሥ ያሸነፈበት ነው አልኩት። ጥቂት አስቦ፣ «ግን ልጆቹ አባታቸው ትከሻ ላይ ናቸው፤ እሱ አንድ ነው» አለኝ። ትክክል ነበር፤ መስቀል አደባባይም የአባት ትከሻ ላይ ሆነው የሚያዩ ልጆች አሉ። የልጅን ሃይማኖት የሚያጸናው የሌላውን በዓል አለማየቱ አይደለም፤ የራሱን የሚነግረው ሰው ማግኘቱ ነው።

ከዱሴራ በኋላ በሃያኛው ቀን ዲዋሊ ነው። ራማ ከአሥራ አራት ዓመት ስደት ሲመለስ ሕዝቡ መብራት አብርቶ ተቀበለው ይላሉ። በየደጁ ትንንሽ የሸክላ መብራት በዘይት ይበራል፤ ጣፋጭ በጎረቤት ይዞራል። ዓይን ይስባል፤ ለታመመ ሰው ግን በዴልሂ ክፉ ወቅት ነው። የርችቱ ጭስ፣ በፑንጃብና በሃርያና ገበሬዎች የሚያቃጥሉት የሩዝ ገለባ ጭስ፣ የመኪናውና የፋብሪካው ጭስ፣ ነፋስ በሌለው ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ተደምሮ ከተማዋ ላይ ይተኛል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ጭሳቸው የቀነሰ ርችቶች ብቻ፣ ያውም ማታ ለሁለት ሰዓት ብቻ እንዲተኮሱ ወስኖ ነበር፤ ትእዛዙን ሁሉም ሰው ግን አልጠበቀም። የእኛ ልጅ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶለት ከሐኪም ቤት ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው ነበር ዲዋሊ የገባው። መስኮት ዘግተን፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ደፍነን አሳለፍነው። የማረፊያው ባለቤት ሴትዮ አንዲት የሸክላ መብራት አምጥተው በራችን ላይ እሱ ራሱ እንዲያበራት አደረጉ፤ በዓሉ ለእሱ ያ ነበር፤ በቃው። አስም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው የምትወስዱ ከሆነ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ጊዜ በዴልሂ አታሳልፉ፤ ወይ ቀኑን ቀይሩ፣ ወይ ከተማውን።

ሆሊ የሚውለው በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ነው። ቀለም በዱቄትና በውኃ ይረጫጫሉ፤ የማያውቁትንም መንገደኛ አይምሩም። ያልሻረ ቁስል ያለበት፣ ዓይኑን የታከመ ወይም ኩላሊት የተቀየረለት ሰው በዚያ ቀን እስከ ከሰዓት ከቤት አይውጣ።

ስለ ሕዝብ ግፊያ አንድ ቃል ልጨምር። ትልቁ የኩምብ መንፈሳዊ ጉዞ በአራት ከተሞች፣ በፕራያግራጅ፣ በሃሪድዋር፣ በኡጃይንና በናሲክ እየተፈራረቀ ይከበራል፤ በወንዝ መጠመቅ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በፕራያግራጅ በተፈጠረው መረጋገጥ ቢያንስ ሠላሳ ሰዎች ሞተዋል። በሽተኛ ይዞ የሚሄዱበት አይደለም። ከዚያ በዓል ግን አንድ የምንማረው አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የጠፉ ሕፃናትንና አዛውንትን ከቤተሰባቸው የሚያገናኝ የበጎ ፈቃደኞች ድንኳን አላቸው። ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ የጠፋው ሰው ቤተሰቡ እስኪመጣ ይበላል፣ ይተኛል። በጃንሜዳ ጥምቀት ልጅ ጠፍቶባት ያለቀሰች እናት የዚህን ድንኳን ዋጋ ታውቃለች። በየትኛውም ሕዝብ በበዛበት ቦታ፣ እዚያም ሆነ እዚህ፣ በልጁም በአያትየውም ኪስ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይኑር።

ታጅ ማሃል፤ አባት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ

ከዴልሂ አግራ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት በታች ይደረሳል። ታጅ ማሃል ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው። በነዳጅ የሚሠራ መኪና ከአጠገቡ ስለማይደርስ ከማቆሚያው በኤሌክትሪክ መኪና ይሄዳሉ፤ መራመድ ለሚያቅተው ተሽከርካሪ ወንበር ይገኛል። ማለዳ በሩ ሲከፈት መግባት ለበሽተኛ ይሻላል፤ ሰውም ፀሐይም ይቀንሳል።

እኛ የሄድነው ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐኪሙ ለጉዞ ከፈቀደለት በኋላ ነው። ያን ጊዜ «እንሂድ» ያለችው ልጄ ራሷ ነበረች። ሕንፃው ምን ያህል እንደሚያምር ከፎቶ ታውቁታላችሁ። እኔ ለልጁ የነገርኩት የቤተሰቡን ነገር ነው። ሙምታዝ ማሃል እ.ኤ.አ. በ1631 የሞተችው አሥራ አራተኛ ልጇን ስትወልድ ነው። ከአሥራ አራቱ ከሕፃንነት ያለፉት ሰባቱ ናቸው። የዓለም ወርቅ በእጁ የነበረ ንጉሥ ሚስቱን ከወሊድ ሞት፣ ልጆቹንም ከሕፃንነት በሽታ ማዳን አልቻለም። ሻህ ጃሃን በማግሥቱ ዓመት ያስጀመረው መቃብር ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። በኋላ ሲታመም ልጆቹ በዙፋን ተጣሉ፤ ያሸነፈው አውራንግዜብ አባቱን በአግራ ምሽግ ውስጥ አሰረው። ስምንት ዓመት፣ እስከሞተበት እስከ 1666፣ የሚስቱን መቃብር እያየ ኖረ። ከእሱ ጋር ሆና ያስታመመችው ሴት ልጁ ጃሃናራ ናት።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና እናቱን አያት። እሷም እሱን አየችው። በደረቱ ላይ የተሰፋው ቁስል በሸሚዙ ሥር ነበር። በዚያ መቃብር ፊት የቆምነው ንጉሡ ያላገኘውን አግኝተን ነው፤ ልጃችን ቆሞ ይራመዳል። ያን ቀን ፎቶ ተነሣን።

ቼናይ ወይም ሌላ ከተማ ለምትሄዱ

ቼናይ የምትሄዱ ከሆነ ጥር 6 ወይም 7 ቀን አካባቢ ፖንጋልን ታገኛላችሁ። ይህ በፀሐይ ስለሚቆጠር አይንቀሳቀስም፤ የመኸር በዓል ነው። አዲሱን ሩዝ በማሰሮ አፍልተው ገንፍሎ ሲወርድ በደስታ ይጮሃሉ፤ በሦስተኛው ቀን ከብቶቻቸውን አጥበው ቀንዳቸውን ቀብተው ያከብራሉ። ከገጠር የመጣ አያት ያለ አስተርጓሚ የሚገባው በዓል ነው። በዚያው ከተማ የሐዋርያው ቶማስ መቃብር እንደሆነ የሚነገርለት የሳን ቶሜ ቤተ ክርስቲያንና ሰማዕት ሆነበት የሚባለው ኮረብታ አሉ፤ በስንክሳር ሕንድ ሄዶ ሰበከ ሲባል የሰማነውን እናቶች በእግራቸው ይረግጡታል። የሕንድ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በእምነት እኅታችን ናት፤ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሬንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አባቶቿ ተገኝተዋል። በምትታከሙበት ከተማ ካለች ጠይቃችሁ መሳለም ትችላላችሁ።

በአህመዳባድ የሲዲ ሰይድ መስጊድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1573 የተሠራው በአንድ የሐበሻ ተወላጅ ነው። በድንጋይ ላይ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለው የዛፍ መስኮቱ የከተማዋ መለያ ሆኗል። ቀድሞ አውራንጋባድ ትባል የነበረችውን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1610 የመሠረታት ማሊክ አምበር ነው። ከአገራችን በልጅነቱ ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ሕንድ የደረሰ፣ ነፃ ወጥቶ ጦር የመራ፣ የአህመድናጋርን መንግሥት ያስተዳደረ፣ ለከተማዋ የውኃ ቦይ የዘረጋ ሰው ነው። ንጉሥ ጃሃንጊር በጦር ሊያሸንፈው ስላልቻለ የተቆረጠ ራሱን በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል፤ ማሊክ አምበር ግን በ1626 የሞተው ሳይሸነፍ ነው። ከከተማዋ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኤሎራ፣ በስምንተኛው መቶ ዘመን ከአንድ ዓለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለው የካይላሳ ቤተ መቅደስ ይገኛል፤ ላሊበላን ያየ ልጅ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ለሕንዶቹ ራሱ ሊያስረዳ ይችላል።

ለሰጡትም አንድ ቃል

ወደዚያች ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደጠየቀችኝ ልመለስ። ነውር አይደለም፤ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ገንዘቡ ከተለየ፣ የበሽተኛውም ፍላጎት ከሆነ። በሽተኛው «ተዉኝ ልተኛ» ካለ ደግሞ ይተኛ፤ አስታማሚው ሰልችቶት በሽተኛ አይጎተትም።

ከዚህ በላይ ግን መናገር የምፈልገው ገንዘብ ላዋጣነው፣ እዚህ ለቀረነው ነው። እኛ ስንመለስ ያንን የታጅ ማሃል ፎቶ ያየ አንድ ዘመድ፣ «ለሕክምና ነው ወይስ ለሽርሽር የሄዱት?» ማለቱን ሰማን። ልጄ በዚያች ሌሊት ሁለቱን ደብተሮች አውጥታ እንደገና ስትደምር አነጋች። አንድም ብር አልጎደለም። በማግሥቱ የመጀመሪያውን ደብተር ከደረሰኞቹ ጋር ለእድሩ ጸሐፊ አስረከበች፤ የተረፈችውን ገንዘብም ለሌላ ታማሚ እንዲያውሉት ሰጠች። ያም ሆኖ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

የሰጣችሁለት ልጅ ሲስቅ የተነሣው ፎቶ የጠፋ ገንዘብ ማስረጃ አይደለም። ገንዘባችሁ የሠራው ሥራ ነው። ሒሳብ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ በደብተር ጠይቁ። ከልጅ ሳቅ ላይ ግን ሒሳብ አትፈልጉ። ያቺ እናት ፎቶዋን መልሳ እንድትሰቅለው የሚያደርጋት የእኔ ጽሑፍ አይደለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቤቷ ስትገቡ፣ «ያ ፎቶ የታለ? አሳዪን እንጂ» የምትሏት ቃል ነው።

ለምትሄዱት መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ፤ የታመሙብንን ሁሉ ይማርልን። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት።